የሠዓሊው ፊትና የቅዱሳን ፊት

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንድ አረጋዊ የድጓ መምህርና ሥዕል የተማረ አንድ ወጣት የተመላለሱት ቃል

ጠያቂ፦ የኔታ፣ ማንነቴን እገልጥበታለሁ ብዬ ቅዱስ ጊዮርጊስን በገዛ ፊቴ ሣልሁት፤ ወዳጆቼ ግን ድፍረት ነው ብለው ነቀፉኝ። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መምህር፦ ከመፍረዴ አስቀድሞ ልጠይቅህ፤ ፊትህን የሣልኸው በሁለት ዓይን ነው ወይስ በአንድ?

ጠያቂ፦ ወደ ዘንዶው ስላዞርሁት አንዱ ዓይን ብቻ ይታያል።

መምህር፦ ቀደምት ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኑ ጋር፣ ዓመፀኛውንና ጋኔኑን ግን በጎኑ ባንድ ዓይኑ መሣል ልማዳቸው ነበርና፣ የአገራችንን ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ሳታስበው ራስህን ከሰቃልያነ ክርስቶስ ወገን ቆጥረሃል። እስቲ ቀና ብለህ ጣራውን ተመልከት፤ ከነዚያ ሁሉ መላእክት አንዱን ዓይኑን የሰወረብህ አለ?

ጠያቂ፦ የለም። ይህን የሣለው ሠዓሊ ራሱስ የት አለ?

መምህር፦ የጥንቱ ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ ስሙን እንኳ አይጽፍም። የሚሣለው ሥዕሉን ያሠራው ነው፤ እርሱም ስፍራው የታወቀ ነው። እቴጌ ምንትዋብ፣ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን የመንግሥቱ ሥልጣን በእጃቸው ሳለ፣ በጣና ባለችው በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ የተሣሉት ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። ዘውድ የጫነችው ከወለሉ ስትወድቅ አንተ ከኮርቻው ወጣህ።

ጠያቂ፦ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ግን ከአርመን ወገን ከሆነ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ፣ ከክታብና ከጠልሰም እየቀዳ ራሱን ሲፈልግ ዓለም አከበረው እንጂ አልነቀፈውም።

መምህር፦ እርሱን ካነሣህስ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ በለንደንና በፓሪስ ሲማር ከጥቁር ሕዝብ ሊቃውንትና ከኩባዊው ሠዓሊ ከዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር ተገናኝቶ፣ በባዕድ አገር ሆኖ ዓይኑን ወደ አገሩ ብራና መለሰ። ክታብ የደብተራ ሥራ ነው፤ ቤተ ክህነት አትወደውም፤ እኔም አልወደውም። አሠራሩን ግን አስተውል። ባለቤቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይጠብቀው ዘንድ ብራናው በቁመቱ ልክ ይቆረጣል፤ በጸሎቱ መካከል ስመ ክርስትናው እየተደጋገመ ይጻፋል፤ ጋኔን የሚያስደነብሩ ዓይኖች ይሣሉበታል፤ የባለቤቱ መልክ ግን በውስጡ አይገኝም። ቁመቱና ስሙ እያሉ ፊቱ የሌለበት ምስለ ሰብእ ነው ማለት ነው። እስክንድርም ከዚህ የወሰደው የሚያፈጡትን ዓይኖችና የጠልሰሙን ሐረግ ነው፤ በነዚህም የሌሊት በረራን፣ ፍርሃትንና ደስታን ሣለ፤ ከሁለት ወገን መወለዱንም የገዛ መልኩን በመልአክ ትከሻ ላይ ሳይተክል ተናገረበት። በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን አስተምሮ በ1995 ዓ.ም. በዚያው አረፈ።

ጠያቂ፦ እንግዲያስ ሥዕሌን ልቅደደው?

መምህር፦ ስለ ምን ትቀድደዋለህ? እጅህ መልካም ነው፤ ፈረሱም ያማረ ፈረስ ነው። ለዐውደ ርእይ አቅርበውና ያየው ሰው ይፍረድ። ቤተ መቅደስ ግን አይገባም፤ ምእመናን በሥዕሉ ፊት የሚሰግዱት ለሰማዕቱ ነው እንጂ ላንተ እንዲሰግዱ አላስተማርናቸውም።