ተጨማሪ ዕቃ በተገጠመበት ሞተር ብስክሌት ላይ የዘይትና የሌሎች ፈሳሾች ምርመራ

መግቢያ

የግብርና ልማት ሠራተኛ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዘዋወርና የኅብረት ሥራ ማኅበር የዘርና የመድኃኒት ናሙና ሲያመላልስ በብዙ ሥፍራ የሚገለገለው በሞተር ብስክሌት ነው። መንገዱ ድንጋያማ፣ ጭነቱም ብዙ በመሆኑ ከፋብሪካው ጋር ያልመጡ ዕቃዎች ይገጠሙበታል። ከእነዚህም የሞተር ሥር መከላከያ ብረት፣ የጎን መከላከያ ብረት፣ የዕቃ ሣጥንና የእጅ መከላከያ ይገኙበታል። ዕቃዎቹ ጠቃሚ ናቸው። ይሁን እንጂ የዘይት መለኪያውን፣ የማፍሰሻውን ቡሎንና ባትሪውን ስለሚሸፍኑ ምርመራው አስቸጋሪ ይሆናል። ምርመራው ሲያስቸግር ደግሞ ወደ ነገ ይተላለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕቃው ሳይነሣ ወይም በቀላሉ ተነሥቶ ምርመራው እንዴት እንደሚከናወን ማስረዳት ነው።

1. ምርመራው ቢዘለል የሚደርሰው ጉዳት

ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ከሩብ በላይ ጎደለ ማለት ነው። በዚህም ላይ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱን የሚያስወግደው በከፊል በዘይቱ አማካይነት ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ማኅበሩ ያለው አንድ ሞተር ብስክሌት ብቻ ከሆነ በዘር ወቅት ሥራው ይቆማል።

2. የትኛው ዕቃ ምንን ይሸፍናል?

ሀ/ የሞተር ሥር መከላከያ ብረት፦ የማፍሰሻውን ቡሎን ይሸፍናል። የሚንጠባጠበውን ዘይት በውስጡ ስለሚያጠራቅም መሬት ላይ ምልክት አይታይም። ጭቃም ሲሞላበት ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ ያግዳል።

ለ/ የጎን መከላከያ ብረት፦ የዘይት መስኮቱን ይጋርዳል፣ ወይም የመለኪያው ዘንግ ተስቦ እንዳይወጣ ያግዳል።

ሐ/ የጎን ዕቃ ሣጥን፦ የባትሪውን ሽፋን፣ የኋላ ፍሬን ዘይት መያዣን፣ በባለ ሁለት ምት ሞተርም ላይ የዘይቱን ጋን ይደብቃል።

መ/ የእጅ መከላከያና የነፋስ መከላከያ፦ በመሪው ላይ ያለውን የፊት ፍሬን ዘይት መያዣ ይጋርዳሉ።

3. የአመረማመር ቅደም ተከተል

1ኛ/ ጭነቱን በሙሉ ማውረድ። ብስክሌቱን በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም። በጎን መቆሚያ ላይ እንዳዘነበለ የሚነበብ ልክ የተሳሳተ ነው።

2ኛ/ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርቶ ማጥፋትና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 3 ደቂቃ ያህል መጠበቅ።

3ኛ/ መስኮቱ ከተጋረደ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ መጠቀም። ክብሪት ወይም ሻማ ፈጽሞ አይቀርብም፤ ቤንዚን አጠገብ ነው። መለኪያው ዘንግ ከሆነ ጠርጎ መልሶ ማስገባትና ማንበብ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ዘንጉ ሲለካ አይጠብቅም፤ በአንዳንዶቹ ግን ይጠብቃል። ስለዚህ የብስክሌቱን መምሪያ መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል።

4ኛ/ ዘይት ሲጨመር በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጉዳት አለው። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ብስክሌት «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ተስማሚ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

5ኛ/ የፍሬን ዘይት የሚታየው መሪው ተስተካክሎ መያዣው አግድም ሲሆን ነው። ልኩ ከቀነሰ ከመጨመር በፊት የፍሬኑን ሸራ ውፍረት ማየት ይገባል፤ ሸራው ሲያልቅ ዘይቱም ዝቅ ይላልና። ሸራው ደህና ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ መፈለግ አለበት። የሚጨመረው በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ነው። ይህ ዘይት ቀለም ስለሚልጥ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

6ኛ/ ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመራል። የወንዝም ሆነ የቧንቧ ውሃ አይሆንም።

7ኛ/ ራዲያተር ያለው ከሆነ የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ትኩስ ሳለ አይከፈትም።

4. ዕቃውን ለምርመራ ማመቻቸት

የሥር መከላከያው ብረት በማፍሰሻው ቡሎን አቅጣጫ ቁልፍ በሚያስገባ ስፋት መበሳት ይችላል። ብረቱ ወልቆ መበሳት፣ ጠርዙም በሞረድ መለስለስ አለበት። ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ ግን ብረቱን ማውለቅ ይሻላል፤ በውስጡ የቀረ ዘይት ወደ ጋለው የጭስ ማውጫ ቢደርስ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የጎን መከላከያው ከሞተሩ ማሰሪያ ቡሎኖች ጋር የተያያዘ ከሆነ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መፈታት የለበትም። የዕቃ ሣጥን ያለ ቁልፍ በእጅ የሚነሣ ቢሆን ይመረጣል።

5. ለማኅበራት የሚሰጥ ምክር

ተጨማሪ ዕቃ ከመግዛት በፊት በብስክሌቱ ላይ አስጠግቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ የዘይቱ ልክ ይታያልን? የማፍሰሻው ቡሎን ይደረስበታልን? ባትሪው ይወጣልን? ለአንዱም እንኳ መልሱ «አይደለም» ከሆነ ሌላ መምረጥ ይሻላል። ብስክሌቱን ብዙ ሰው የሚነዳው ከሆነ ደግሞ «እገሌ አይቶታል» እየተባለ ሳይታይ ይከርማል። ስለዚህ ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረው ዘይትና የመርማሪው ስም የሚጻፍበት ደብተር ይኑር። የሚጨመረው ዘይት ከሳምንት ወደ ሳምንት ከበዛ ሞተሩ እያቃጠለ ወይም እያፈሰሰ ነውና ወደ መካኒክ መውሰድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

መከላከያው ብረት ሞተሩን ከድንጋይ ያድነዋል እንጂ ከዘይት እጥረት አያድነውም። የዘይቱን ልክ በየሳምንቱና ከረጅም ጉዞ በፊት፣ የፍሬኑንና የባትሪውን ደግሞ በየወሩ መመልከት ለማንኛውም ሠራተኛ የሚቻል ሥራ ነው።