ፎርማት ይደረግ ከመባሉ በፊት

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከተነሡት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የአንዱ ባለቤት የሆነች ወጣት፣ አሮጌ ዴስክቶፗን ለወራት ዘመድ ቤት አስቀመጠችው። በኋላ ቂርቆስ አካባቢ ቤት ተከራይታ ብታበራው ዊንዶውሱ እንቢ አላት። ዑራኤል አጠገብ ወዳሉት አንጋፋ የኮምፒውተር ጠጋኝ ይዛው ሄደች።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ይነሣል ግን አይዘልቅም። የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፣ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል። ዝም ካልኩት ሲያደርገው ይውላል። አንድ የሠፈር ልጅ «ፎርማት ይደረግ» አለኝ።

ጋሼ፦ መቼስ በዚህ ከተማ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው ይኸው ነው። ውስጡ ምን አለ?

ልጅቱ፦ የደንበኞች ውል፣ ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፤ የስንት ዓመት ሥራ። አብዛኛው በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ሌላ ማሽን ላይ ስከፍተው የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆንብኛል። ዊንዶውስ ኤክስፒውን ያልቀየርኩትም ለዚሁ ነው።

ጋሼ፦ ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቀደሙት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ ከሌለ የሚነበብ ነገር የለም። እንግዲያው ፋይሉ ሳይወጣ ፎርማት የሚል ሰው ወደዚህ ማሽን አይጠጋም። ስታበሪው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

ልጅቱ፦ አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል። ቀጥሎ የኩባንያው ምልክት። ከዚያ የሆነ እንግሊዝኛ ይመጣል፤ ኤፍ 1 ስጫን ያልፋል።

ጋሼ፦ ምን የሚል እንግሊዝኛ?

ልጅቱ፦ እኔ እንጃ። ኤፍ 1 ስለው ያልፋል አልኩ እኮ።

ጋሼ፦ ይሁን፣ እንደርስበታለን። በብዙ ማሽኖች አንድ ጢጥታ ማለት ራሙን፣ የስክሪኑን ነገር፣ ሁሉን አይቼ ደኅና ነው ማለት ነው። ደጋግሞ ቢጮኽ ኖሮ ራሙን አውጥተን ጥርሱን በላጲስ እንጠርግ ነበር። ጭራሽ ባይነሣ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ነበር የምጠረጥረው። ያንቺ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ዊንዶውስ በር ላይ ነው የሚወድቀው። የት እንደሚወድቅ ሳታውቂ ምንም አትንኪ።

ልጅቱ፦ በአይሱዙ ሲንገጫገጭ ነው የመጣው። የላላ ነገር ይኖር ይሆን?

ጋሼ፦ ሊኖር ይችላል፤ እንክፈተው። ሶኬቱን ንቀዪ። አሁን ማብሪያውን ትንሽ ተጭነሽ ያዢ፣ የቀረው ኮረንቲ ይፍሰስ። የልብስሽ ኮረንቲ ቺፑን እንዳይጎዳው የቆርቆሮውን ሳጥን በባዶ እጅሽ ንኪ። ፓወር ሰፕላዩን ግን መቼም እንዳትፈቺው፤ ተነቅሎም ውስጡ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

ልጅቱ፦ ኧረ አቧራው!

ጋሼ፦ የፈረሰ ግድግዳ አቧራ ነው። ከካዛንቺስ ወጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ማሽን ሁሉ ይህን ይዞ ነው የሚመጣ። በብሩሽ አንሺው፣ ፋኑን በጣትሽ ያዢው እንዳይሽከረከር። ገመዶቹ አልላሉም። እነዚህ ቆመው የምታያቸው ክቦች ካፓሲተር ናቸው፤ አናታቸው ካበጠ ማሽኑ ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ስንት ማዘርቦርዶች በዚህ ሞተዋል። ያንቺዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው። በይ ሃርድ ዲስኩን ፍቺልኝ።

ዲስኩን በዩኤስቢ ገመድ ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ፋይሎቹን፣ ፎንቶቹንም ሳይቀር፣ ገለበጡላት።

ልጅቱ፦ ተመስገን! ታዲያ ዲስኩ ደኅና ከሆነ ለምን ይወድቃል?

ጋሼ፦ ራሱን እንጠይቀው። ዲስኩን መልሺና አብሪው፤ የዊንዶውስ ምልክት ከመምጣቱ በፊት ኤፍ 8ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ከዝርዝሩ ውስጥ ስሕተት ሲገጥምህ ራስህን አታስነሣ የሚል አለ፤ እሱን ምረጪ። ሰማያዊው አሁን ይቆምልሻል።

ልጅቱ፦ ቆመ። ከታች ቁጥር አለ... ብዙ ዜሮ፣ መጨረሻው 7ቢ።

ጋሼ፦ «የምነሣበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም» ማለቱ ነው። ዲስኩ ግን አሁን አጠገቤ ተነቧል። እስቲ እንደገና አስነሺና ያንን እንግሊዝኛ፣ ኤፍ 1 ሳትጫኚ፣ አንብቢልኝ።

ልጅቱ፦ ሰዓትና ቀን አልተሞላም... የባትሪ ኃይል አንሷል ይላል። ጋሼ፣ የሰዓት ባትሪ ከዲስክ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ሰዓት ብቻ ቢሆንማ ባልተጨነቅን። ያ ባትሪ የባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣውን ፕሮግራም፣ ቅንብርም ይጠብቃል። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሲውል ባትሪው አይነካም ማለት ይቻላል፤ ለወራት ተነቅሎ ሲቀመጥ ግን ሰዓቱን የሚያስኬደው እሱ ብቻውን ነው። አለቀ፤ ቅንብሩም ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። በዚህ ማሽን ፋብሪካው ለሳታ ዲስክ የመረጠው ኤኤችሲአይ የሚባለውን አሠራር ነው። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ኤኤችሲአይን የሚያናግር ድራይቨር አብሮት አልመጣም። ያንቺን የጫነው ባለሙያ አይዲኢ ወደሚባለው ቀይሮ ነው የጫነው። አሁን ዊንዶውሱ ዲስኩን በለመደው መንገድ ይፈልጋል፣ መንገዱ የለም።

ልጅቱ፦ ፎርማት ቢደረግስ ኖሮ?

ጋሼ፦ በተለመደው የኤክስፒ ሲዲ ቢሞክሩ ሲዲው ራሱ ዲስክ የለም ይላቸዋል፤ «ዲስኩ ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ ትገዢ ነበር። በአዲስ ዊንዶውስ ቢጭኑት ደግሞ ይነሣል፣ ፋይልሽ ግን ሄዷል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው፤ ማሽኑ ስለተነሣ ተጠገነ ይባላል፣ ሕመሙ ምን እንደነበር ማንም ሳያውቅ።

ባትሪውን አውጥተው በቴስተር ለኩት። 1 ቮልት እንኳ አልሞላም።

ጋሼ፦ ሲአር 2032 ይባላል፣ 3 ቮልት ነው፤ ሰዓት ጠጋኞች ጋ ታገኚዋለሽ። አዲሱን አስገቢ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ። አሁን አብሪና ባዮሱ ውስጥ ለመግባት ዲሊትን ተጫኚ፤ በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ 2 ነው። ቀኑን አስተካክዪ። ሳታ የሚለውን ፈልጊና ወደ አይዲኢ መልሺው። ሌላ ነገር አትነካኪ። በኤፍ 10 አስቀምጪና ውጪ።

ልጅቱ፦ ገባ! ጋሼ፣ ገባ!

ጋሼ፦ ከኢንተርኔት ጋር እንዳታገናኚው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣም እዚህ አይሰካ፤ በሌላኛው ማሽን አስተናግጂው።

ልጅቱ፦ ዲስኩስ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ይቆይልኛል?

ጋሼ፦ ይህን የሚነግርሽ ካለ አትመኚው። መንኳኳት ከጀመረ አጥፊና ይዘሽው ነይ፤ ይነሣ እንደሆን እያልሽ ደጋግመሽ አታብሪው። የገለበጥኩልሽን ደግሞ ከማሽኑ ጋር አንድ ቤት አታስቀምጪው።