የማይታየው ምስክር፦ የሕክምና ላብራቶሪ ሙያ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ቁጥር በየዶርሙ የሚሰማ ንግግር አለ፤ «ሜዲስን ፈልጌ ላብራቶሪ ደረሰኝ» ይባላል። የሚናገረው ሰው ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የሚሰማውም «አብሽር፣ ኸይር ነው» ብሎ ያጽናናዋል፤ ልክ ሐዘን የደረሰበት ይመስል። የዛሬው ትምህርታችን በመጀመሪያ ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ነው። ግን ለእነሱ ብቻ አይደለም። ነገ እናቱን ወይም አባቱን ይዞ ሆስፒታል የሚሄድ ሁሉ የላብራቶሪ ውጤት ይጠብቃል።

የምንይዘው ነጥብ አንድ ነው፦ የላብራቶሪ ውጤት ምስክርነት ነው። ሐኪሙ አክታውን በማይክሮስኮፕ አላየውም፤ ወረቀቱን አምኖ መድኃኒት ያዛል። በሽተኛው መስካሪውን አያውቀውም። የዚህ ሙያ ታሪክም ሰዎች ይህን ምስክርነት የሚታመን ለማድረግ የደከሙበት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሒጅሪያ ከተባለው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክምሩ ውስጥ የገባው እጅ

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ላዩ ደረቅ ነበር፤ ጣቶቻቸው ግን እርጥበት አገኙ። ሻጩን ሲጠይቁት ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ገሠጹት፤ አታላይ የእሳቸውን መንገድ እንዳልያዘም አስጠነቀቁ።

ሐዲሱ የመጣው በንግድ ጉዳይ ነው። መርሁ ግን ሰፊ ነው። ላዩን አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። የተገኘው ነገር ደግሞ ደስ ባይልም ከላይ ይውጣ፣ ይታይ። ይህን መርህ ይዘን ወደ ሙያው ታሪክ እንግባ።

ሽንትና ብርጭቆ

በሽታን ለማወቅ ከሰው አካል የወጣን ነገር መመርመር በእኛ አልተጀመረም። ከእስልምና በፊት የነበሩት የግሪክ ሐኪሞች ሽንት ያዩ ነበር። የሙስሊሙ ዓለም ይህን ዕውቀት ተቀብሎ፣ አደራጅቶና አስፋፍቶ አስተላለፈው። በዛሬዋ ቱኒዚያ በቀይረዋን የኖረው ኢስሐቅ ኢብኑ ሱለይማን አል-ኢስራኢሊ በዐረብኛ ስለ ሽንት የጻፈው መጽሐፍ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለአውሮፓ ሐኪሞች ማስተማሪያ ሆኗል። እሱ አይሁዳዊ ነበር፤ ይህም የዘመኑ የዕውቀት ማዕድ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ያሳያል።

ኢብኑ ሲና (በ428 ሒጅሪያ፣ 1037 የሞተው) በ«አል-ቃኑን ፊ ጢብ» መጽሐፉ ሽንት ከመታየቱ በፊት መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ዘርዝሯል። ናሙናው ጠዋት ይወሰድ፤ ሰውየው ምግብና መጠጥ ሳይቀምስ ይሁን፤ እንደ ዛፍራን ያለ ቀለም የሚቀይር ነገር በልቶ እንዳይሆን፤ ዕቃው ንጹሕና ውስጡን የሚያሳይ ይሁን፤ ፀሐይና ነፋስ አይምታው፤ ብዙ ሳይቆይ ይታይ ይላል። የላብራቶሪ ተማሪ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዛሬ «ፕሪ-አናሊቲካል» ተብሎ በአንድ ምዕራፍ የሚሰጠው ትምህርት እኮ ነው! ናሙናው ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደሚበላሽ ኢብኑ ሲና አውቋል።

ነገር ግን አናጋንን። ቀለምና ዝቃጭ አይቶ በሽታን መናገር የዛሬው የላብራቶሪ ሳይንስ አይደለም፤ ብዙ ግምትም ነበረበት። አቡበክር አር-ራዚም ሽንት ብቻ አይተው ሁሉን እናውቃለን የሚሉ አጭበርባሪዎችን በጽሑፎቹ አጋልጧል። ከዚያ ዘመን የምንወርሰው ትልቁ ነገር የታማኝነት ጥያቄው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ተሰጥተው ነበር። አንደኛው ፈተና ነው። በ319 ሒጅሪያ (931) በባግዳድ አንድ ሰው በሕክምና ስህተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ሲናን ኢብኑ ሣቢት ያልፈተነውና ያልፈቀደለት ሰው እንዳያክም አዘዘ፤ ከ860 በላይ ሰዎች ለፈተና እንደቀረቡም የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ሁለተኛው ሒስባ ነው። ሙሕተሲብ የተባለው ሹም በገበያ እየዞረ ሚዛንና መስፈሪያን ይቆጣጠር ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች ያዘጋጀው መመሪያ ከዳቦ ጋጋሪና ከሥጋ ሻጭ ጀምሮ እስከ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ድረስ ያሉትን ሙያዎች ያካትታል። ባለሙያው ይፈተናል፤ ሚዛኑም ይፈተሻል። እነዚህን ሁለቱን ያዟቸው፤ ቆይተው ይመለሳሉ።

ከኩሽና የመጣው አጋር

ትልቁ ለውጥ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጣ። በ1880 አልፎንስ ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ወታደራዊ ሐኪም በአልጄሪያዋ ቆስጠንጢና (ኮንስታንቲን) ከተማ በበሽተኛ ደም ውስጥ የወባን ተውሳክ አየ። በመጋቢት 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን አስታወቀ። ኮኽ ራሱ በሽታው ከሰባት ሟቾች አንዱን እንደሚገድል ተናግሮ ነበር። በ1884 ሃንስ ክርስቲያን ግራም ዛሬም በስሙ የምንጠራውን ማቅለሚያ አስተዋወቀ፤ በ1901 ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ገለጸ። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ «ይመስለኛል» የነበረው ነገር «አየሁት» ሆነ።

ከእነዚህ ታላላቅ ስሞች ጀርባ ብዙም የማትጠራ ሴት አለች። ፋኒ ሄሰ በኮኽ ዘንድ ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄሰ ባለቤት ነበረች። ባሏን በላብራቶሪ ሥራ ታግዘው፣ ሥዕሎቹንም ትስልለት ነበር። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ፣ በባክቴሪያውም እየተበላ ያስቸግር ነበር። ፋኒ በ1881 ከኩሽናዋ መፍትሔ አመጣች፤ ጃቫ ኖራ ከነበረች ጎረቤቷ የተማረችውን፣ ምግብ ለማርጋት የምትጠቀምበትን አጋር። ኮኽ በ1882 ጽሑፉ አጋርን ሲጠቅስ የእሷን ስም አላነሳም። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ባክቴሪያ የሚያሳድግ ላብራቶሪ ሁሉ አጋርን ይጠቀማል። ሰው ባያውቅም አላህ ዘንድ የሚጠፋ ሥራ የለም።

ረዳቱ ባለሙያ ሆነ

መጀመሪያ ላይ ምርመራውን የሚሠራው ሐኪሙ ራሱ ነበር። ምርመራው እየበዛ ሲሄድ ግን ጊዜ አጠረው፤ ብርጭቆ የሚያጥቡ፣ ማቅለሚያ የሚያዘጋጁ ረዳቶችን ቀጠረ። ረዳቶቹም በእጃቸው እየተማሩ ከሐኪሙ የበለጠ የቴክኒክ ችሎታ አካበቱ። ይሁን እንጂ የሚታወቅ ስምም፣ ወጥ ትምህርትም፣ የብቃት ማረጋገጫም አልነበራቸውም።

በብሪታንያ አልበርት ኖርማን የተባለ የላብራቶሪ ረዳት በ1912 የሥራ ባልደረቦቹን አሰባስቦ የፓቶሎጂና የባክቴሪዮሎጂ ላብራቶሪ ረዳቶች ማኅበርን መሠረተ። ይህ ማኅበር ስሙን እየለወጠ አድጎ ዛሬ የባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሠለጠነ ሰው እጥረትን አጎላው። በ1922 የክሊኒካል ፓቶሎጂስቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1928 ማኅበሩ የላብራቶሪ ሠራተኞችን ብቃት መዝኖ የሚመዘግብ ቦርድ አቋቋመ። የተመዘገበው ባለሙያ ምርመራውን ይሠራል እንጂ በራሱ በሽታውን ወስኖ ለታማሚው እንዳይናገር ይገደድ ነበር። የባግዳዱ መርህ ተመለሰ ማለት ነው፤ ያልተፈተነ ሰው በሰው ሕይወት ላይ አይሠማራ።

ሚዛኑ ሲፈተሽ

ባለሙያው ተፈተነ፤ ሚዛኑስ? በ1947 ቤልክና ሰንደርማን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎችን በፔንሲልቬኒያ ወዳሉ በርካታ ላብራቶሪዎች ላኩ። ናሙናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የመጣው ውጤት ግን እጅግ የተለያየ ነበር። ብዙው ተቀባይነት ካለው ወሰን ውጭ ወጣ። እህሉ ውስጥ እጅ ገባ፤ እርጥበቱም ታየ።

በ1950 ሌቪና ጄኒንግስ ከፋብሪካ ምርት ቁጥጥር የተወሰደውን ቻርት ወደ ላብራቶሪ አስገቡ። ተማሪዎቻችን ዛሬ በየፕራክቲካሉ የሚሥሉት የሌቪ-ጄኒንግስ ቻርት ይኸው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የታማሚውን ናሙና ከመመዘንህ በፊት፣ ልኩ የታወቀውን ነገር መዝነህ ሚዛንህን ፈትሽ።

ያም ሆኖ ገንዘብና ጥድፊያ ሲገቡ ሚዛኑ ይዛባል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የማህፀን በር ካንሰርን ለመለየት ስላይድ የሚያነቡ አንዳንድ ሠራተኞች የሚከፈላቸው በስላይድ ብዛት ነበር። በቀን ከአቅም በላይ ያነባሉ፤ ካንሰር ያለባትን ሴት «ነጻ ነሽ» የሚል ውጤት ይወጣል። ጋዜጠኞች ይህን በ1987 ካጋለጡ በኋላ፣ በ1988 የወጣው የክሊኒካል ላብራቶሪዎች ሕግ መንገድ ከፈተ፤ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100 በላይ ስላይድ እንዳያነብም ተወሰነ። በመማሪያ መጽሐፍ ደረቅ ሆነው የምናነባቸው ብዙ ደንቦች እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አሉባቸው።

ታዲያ እኛስ?

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ«ኢሕያ ዑሉሙ ዲን» ሕክምናን ከፈርዱል ኪፋያ ዕውቀቶች ውስጥ ቆጥረውታል። ሰዎች ዝና ወዳለበት ዘርፍ ሁሉ እየጎረፉ ይህን ግዴታ ክፍት መተዋቸውንም ወቅሰዋል። ፈርዱል ኪፋያ ሲባል የተወሰኑት ከተወጡት ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልተወጣው ሁሉም ይጠየቃል። ሐኪም ያለ ላብራቶሪ ሥራው ምን ያህል እንደሚጎድል ካየን፣ «ላብራቶሪ ደረሰኝ» ማለት ከኡማው ሸክም አንዱ ክፍል ትከሻዬ ላይ ተጫነ ማለት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከታሪኩ ሦስት ነገሮችን እንያዝ።

አንደኛ፣ ያላየኸውን አትመስክር፤ ያላየሽውን አትመስክሪ። የወባ ስላይድ «ኔጌቲቭ» ከመባሉ በፊት ቢያንስ 100 ፊልድ መታየት አለበት፤ በዚል-ኔልሰን ለሚቀለም የአክታ ስላይድም እንዲሁ። ሃያ ፊልድ አይቶ የተነሳን ሰው ግን ማን ያውቅበታል? አለቃው አልቆጠረለትም፣ ታማሚው አላየውም። አላህ ግን ያያል። ኢሕሳን ማለት አላህ እንደሚያይህ እያወቅህ መሥራት ከሆነ፣ በዚህ ሙያ ኢሕሳን የሚለካው በሃያኛውና በመቶኛው ፊልድ መካከል ነው። በፕራክቲካል ክፍለ ጊዜ የጓደኛን ውጤት መገልበጥም ለዚህ ልምምድ ነውና እንጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ እርጥቡን ከላይ አድርጉት። ኮንትሮሉ ከወሰን ከወጣ፣ ናሙናው ከተቀያየረ፣ ሪኤጀንቱ ጊዜው ካለፈ፣ መናገር ያሳፍራል፤ ዝም ማለት ግን ሰው ይጎዳል። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑን የሚያስተምር ሐዲስ በአቡ ዳውድና በሌሎች ተዘግቧል። እያወቀ የደበቀ ደግሞ ምን ይባላል?

ሦስተኛ፣ አማናን ጠብቁ። በሱረቱ ኒሳእ አላህ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዘናል። ውጤትም የባለቤቱ አማና ነው። በግቢ ክሊኒክ ልምምድ ላይ ሳላችሁ የጓደኛችሁ ስም ያለበት ወረቀት እጃችሁ ሊገባ ይችላል። ያ ወረቀት ወደ ዶርም ወሬ መቀየር የለበትም። የሰውን ሚስጥር ማውጣት ከስህተት ውጤት ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች (ለሐለቃ)

1. ኢብኑ ሲና ከዘረዘራቸው ቅድመ ሁኔታዎች ውስጥ ዛሬም የሚሠራባቸው የትኞቹ ናቸው? ለምን?
2. በባግዳድ የተደረገው ፈተናና የሙሕተሲብ ቁጥጥር ከዛሬው የሙያ ፈቃድና የጥራት ቁጥጥር ጋር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. ላብራቶሪ ላልሆናችሁ፦ በእናንተ የትምህርት ዘርፍ ከአላህ በቀር ማንም የማይቆጥረው «መቶኛው ፊልድ» ምንድን ነው?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ በምንመሰክረው ሁሉ እውነተኞች ያድርገን፤ በሽተኞቻችንን ያሽርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።