የቆየ ጌም መጫወት ያዋጣል ወይ? ‹‹ሞሮዊንድ››ን ይዘን ስንመዝነው

በትምህርት ክፍላችን ስለ ጌም ሲወራ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ‹‹ግራፊክሱ እንዴት ነው?›› የሚል ነው። ስለ አዲስ ጌም ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ቆየ ጌም ሲሆን ግን መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ብዙ አያራምደንም፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ጌም ሥዕሉ አርጅቷል፣ አለቀ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የሴሚስተር ዕረፍት፣ ያረጀ ላፕቶፕና ቁጥብ የኢንተርኔት ጥቅል ያለው ተማሪ ሃምሳ ሰዓት ሊፈጅበት የሚችለውን የድሮ ጌም ይጀምር ወይስ ይተወው? ጊዜው የራሱ ነውና የሚከስረውም የሚያተርፈውም እሱ ነው። በደፈናው ከመነጋገር አንድ የታወቀ ጌም ይዞ መሄድ ስለሚሻል ‹‹ሞሮዊንድ››ን መርጫለሁ።

ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው። በቆየ ጌም ውስጥ የሚገጥመን ችግር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከዕድሜ የመጣ ነው፤ ሌላው ግን ጌሙ ራሱ የተሠራበት ጉዳይ ነው። ሁለቱን መለየት የቻለ ሰው ያዋጣው እንደሆነና እንዳልሆነ በቶሎ ይገባዋል።

ለማያውቁት ያህል፣ ‹‹ሞሮዊንድ›› ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሲሆን ‹‹ኤልደር ስክሮልስ›› ከሚባሉት ተከታታይ ጌሞች 3ኛው ነው። ዓይነቱ አርፒጂ ነው፤ ተጫዋቹ በምናብ ዓለም ውስጥ የአንድ ሰው ሚና ይዞ፣ ክህሎቱን እያሳደገ፣ የሚሄድበትን ራሱ እየመረጠ የሚኖርበት ማለት ነው። እስረኛ ሆኖ በመርከብ ቫርደንፌል ወደተባለች ደሴት ይመጣል፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ይመዘገባል፣ ይፈታል፤ ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር አንድ ሰው የሚያደርሰው ጥቅል ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ማሽኑ ይችለዋል ወይ?

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ጌሙ ሲወጣ የሚጠይቀው 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ 32 ሜጋባይት የግራፊክስ ካርድና 1 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነበር። ዛሬ በግቢ ውስጥ ‹‹ይሄም ላፕቶፕ ነው?›› ተብሎ የሚሳቅበት ማሽን ይህን አሟልቶ ይተርፈዋል። በአንጻሩ የተከታታዩ 4ኛ ጌም የሆነው ‹‹ኦብሊቪየን›› እ.ኤ.አ. በ2025 ታድሶ ሲወጣ 125 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ 125 ጊጋባይት ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በተጨማሪ ‹‹ኦፕን ኤምደብሊው›› የሚባል ሥራ አለ። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የጌሙን ሞተር ከመጀመሪያው በሲ ፕላስ ፕላስ ጽፈውታል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ሥዕሉን፣ ድምፁንና ጽሑፉን የያዙት ፋይሎች ግን የኩባንያው ናቸውና ጌሙን መግዛት የግድ ነው።

ሰይፉ ለምን ይስታል?

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ጌሙን ጭኖ በ20 ደቂቃ ውስጥ አጠፋው። ‹‹ምነው?›› ስለው ‹‹ሰይፉ አይጡን እየነካው አይመታውም እኮ፣ ባግ ነው›› አለኝ። ብዙ ሰው ይህን ጌም የሚተወው እዚህ ጋ ነው። እስቲ ነገሩን እንደ ፕሮግራመር እንየው።

ተጫዋቹ በሰነዘረ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከ100 ዕጣ ያወጣል። አስማት ካልገባበት የመምታት መጠኑ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የመሣሪያው ክህሎት፣ ሲደመር ቅልጥፍና ሲካፈል ለ5፣ ሲደመር ዕድል ሲካፈል ለ10። ይህ ድምር በጉልበት ይባዛል። ጉልበት ሙሉ ሲሆን ማባዣው 1.25፣ ጉልበት ጨርሶ ሲያልቅ 0.75 ነው። ከተገኘው ላይ የባላጋራው የማምለጥ አቅም ይቀነሳል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ጀማሪው ጌሙ ሲጀምር ዋና ክህሎት ብሎ ካልመረጠው በአብዛኛው የሚያገኘው 5 ብቻ ነው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ጩቤ አንሥቶ ይወጣል፤ አጭር ስለት ግን አልመረጠም። ቅልጥፍናው 40፣ ዕድሉም 40 ቢሆን 5 + 8 + 4 = 17 ይሆናል። ጉልበቱ ሙሉ ከሆነ 17 × 1.25 = 21.25። ሮጦ ከመጣ ደግሞ (በዚህ ጌም ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል) 17 × 0.75 = 12.75። ይህ እንግዲህ የአይጡ ማምለጥ ሳይቀነስ ነው። ከመቶ ሰንዝሮ አሥራ ሦስቱን እንኳ አይመታም!

ያንኑ ሰው መሣሪያውን በዋና ክህሎትነት መርጦ፣ በስውርነት (ስቴልዝ) ዘርፍ ቢመዘገብ ክህሎቱ ከ30 ተነሥቶ 5 ይጨመርለትና 35 ይሆናል። 35 + 8 + 4 = 47፤ ጉልበቱ ሙሉ ሆኖ 58.75። ሰውየው ያው፣ አይጡም ያው፤ ልዩነቱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ባግ አይደለም። ጌሙ ‹‹የማታውቀውን መሣሪያ ይዘህ፣ እያለከለክህ አትዋጋ›› እያለ ነው።

ይሁን እንጂ ጓደኛዬን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ይህ ስሌት የመጣው በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ጨዋታዎች ነው፤ ‹‹ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ›› እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሥዕል የሚንቀሳቀስበት ስክሪን አልነበረም፤ ዳይሱ ‹‹አልመታህም›› ካለ ባላጋራው እንዴት እንዳመለጠ ጨዋታውን የሚመራው ሰው በቃል ይተርከዋል። ‹‹ሞሮዊንድ›› ላይ ግን ዓይናችን ብረቱ ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ እያየ ስሌቱ ‹‹ስቷል›› ይላል። ባላጋራው ጎንበስ ሲል ወይም ገለል ሲል ቢታይ ኖሮ ማንም አያማርርም ነበር። ስሌቱ ፍትሐዊ ነው፣ አቀራረቡ ግን ጎደሎ ነው፤ ይህ ከዕድሜ የመጣ ችግር ነው። በ2006 የወጣው ‹‹ኦብሊቪየን›› ይህን ዕጣ አስቀርቶ የነካ ምት ሁሉ እንዲመታ አድርጓል። ለማንኛውም የጌሙን አመል ያወቀ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ይለምደዋል።

መንገድ መጠየቅ

ሰኞ ገበያ ገብቶ አንድ ዕቃ የሚፈልግ እንግዳ ካርታ አያወጣም። ይጠይቃል። ‹‹ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ጨርቁን ስትጨርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ እዚያ ደግሞ ጠይቅ›› ይባላል። ከዚያ ሲደርስ ሌላ ሰው ይቀበለዋል። በዚህ መሐል የሚሸጠውን ዓይነት፣ የሰዉን ጠባይ፣ አቋራጩን ሁሉ ይማራል። ሁለተኛ ሲመጣ መንገድ አይጠፋበትም።

‹‹ሞሮዊንድ›› የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ‹‹ስካይሪም›› የሚሄዱበትን ቦታ በቀስት ያሳያል፤ ተጫዋቹ ቀስቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ቀስቱን ተከትሎ ይመለሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያነብ ብዙውን ሥራ መጨረስ ይችላል። ‹‹ሞሮዊንድ›› ላይ ቀስት የለም። ባልሞራ ሲደርስ ያ ጥቅል የሚሰጠው ሰው፣ ኬየስ ኮሳዴስ፣ የት እንደሚኖር አያውቅም፤ አንድ መጠጥ ቤት ሄዶ እንዲጠይቅ ነው የተነገረው። መጠጥ ቤቱን ራሱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ባለቤቱ ቤቱን ይጠቁመዋል። ኬየስም ጥቅሉን ተቀብሎ ‹‹ገና ጀማሪ ነህ›› ይለውና 200 ሳንቲም ወርቅ ሰጥቶ መጀመሪያ መተዳደሪያ እንዲይዝ ይልከዋል። ዓለምን የሚያድነው ጀግና ገንዘብ ተሰጥቶት ሥራ ፈልግ ሲባል እስቲ አስቡት! እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ቦታ ነው።

ከዚያ የሚመጣው የመጀመሪያው ከባድ ሥራ አርክንግታንድ በሚባል ፍርስራሽ ውስጥ ያለች ትንሽ ኩብ ፈልጎ ማምጣት ነው። የፍርስራሹ በር በእጅ አይከፈትም፤ አጠገቡ ካለ ቧንቧ ላይ የሚዞር መዘውር አለ። ኩቡ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ከሌላው ኮተት ጋር የተቀመጠ ነው። ያላስተዋለ ሰው ሦስቴ አልፎት ይሄዳል። ሲያገኘው የሚሰማው ደስታ ግን ቀስት ተከትሎ ከሚገኘው ጋር አይገናኝም፤ ያገኘው ራሱ ነዋ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሚነገሩት አቅጣጫዎች ጥቂቶቹ የተሳሳቱ ናቸው። ገበያ ውስጥም ‹‹አላውቅም›› ማለት የሚያፍር ሰው በዘፈቀደ እጁን ይዘረጋ የለ? የማስታወሻ ደብተሩም መጀመሪያ ላይ የተመዘገበውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ብቻ የሚያስቀምጥ ስለነበር የቆየ መመሪያ ፈልጎ ማግኘት አበሳ ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው ‹‹ትራይቡናል›› የተባለው ተጨማሪ ክፍል በየጉዳዩ እንዲለይ አደረገው። ስለዚህ የሚጫወት ሰው ተጨማሪ ክፍሎቹን የያዘውን እትም ይያዝ።

ለእኛ ተማሪዎች ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ንግግሩ በአብዛኛው በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በአዳዲሶቹ ጌሞች ተዋናዩ ተናግሮ ሲያልፍ ያልገባን ነገር አብሮ ያልፋል። እዚህ ግን ጽሑፉ ቆሞ ይጠብቃል። መዝገበ ቃላት አውጥቶ ማየት ይቻላል፤ ያልተረዳ ሰው መንገድ ይጠፋዋልና ማንበብ ግዴታ ይሆናል። በጌሙ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትም አሉ፤ አንዱ ያንዱን ታሪክ የሚያስተባብል ስለሆነ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚወስነው አንባቢው ነው። እንግሊዝኛ በክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ልምምድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ጌም ዋናው ታሪክ የተንጠለጠለባቸውን ሰዎች ሳይቀር መግደል ይቻላል። ሲገደሉ ጌሙ የትንቢቱ ክር እንደተበጠሰ ይነግራል፤ ወደ ኋላ መመለስ ወይም በተበላሸው ዓለም መቀጠል የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ‹‹ስካይሪም›› ላይ ዋና ዋና ሰዎች ቢመቱም አይሞቱም። የትኛው ነው ተጫዋቹን እንደ ትልቅ ሰው የሚቆጥረው?

እንግዲህ ለማን ነው?

ለሁሉም አይደለም። ከጓደኛ ጋር መጫወት የሚፈልግ ይተወው። በደሴና በኮምቦልቻ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የኳስ ጌም የሚጣፍጠው ከኋላ ቆሞ የሚጮኸው ሰው ስላለ ነው፤ ‹‹ሞሮዊንድ›› ለብቻ የሚጫወቱት ነው፣ ከኋላ ለሚያይ ሰውም አሰልቺ ነው። የፈተና ሰሞን የሚጀምርም ራሱን ይጎዳል፤ በአንድ ሰዓት ቁጭታ ምንም የማይሠራበት ጌም ነውና። መብራት የሚያሳስበው ካለ፣ በማንኛውም ቦታና ሰዓት ሴቭ ማድረግ ስለሚቻል ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ ብዙ ማለት አልፈልግም። የሰዎቹ ፊት እንጨት ይመስላል፣ አረማመዳቸውም እንዲሁ። ገበጣን ግን መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር ስንጫወት ማንም ሥዕሉን አልጠየቀም። የሚገርመው ደግሞ የድሮው ሞተር ሩቁን በጉም ስለሚሸፍነው ደሴቲቱ ሰፊ ትመስላለች፤ በ‹‹ኦፕን ኤምደብሊው›› ሩቁን ሲከፍቱት ግን ቀይ ተራራ ደሴ ላይ ሆኖ ጦሳን እንደማየት ፊት ለፊት ይቆማል፤ አቅጣጫ ለመያዝ ይጠቅማል፣ ስፋቷ ግን ይቀንሳል። እኔ ጉሙን እመርጣለሁ።

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ኩባንያው የተከታታዩን 1ኛ ጌም ‹‹አሬና››ን እ.ኤ.አ. በ2004፣ 2ኛውን ‹‹ዳገርፎል››ን ደግሞ በ2009 በነፃ እንደለቀቃቸው ይወቅ። በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሆኖም በእነሱ መጀመርን አልመክርም፤ ‹‹ዳገርፎል›› በሺህ የሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮች ቢኖሩትም አብዛኛው በኮምፒውተር የተፈበረከ ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ ዋሻዎቹም መውጫ የላቸውም ማለት ይቻላል። የኮድ ፍላጎት ያለው የክፍላችን ተማሪ ግን ‹‹ሞሮዊንድ››ን ባይጫወት እንኳ የ‹‹ኦፕን ኤምደብሊው››ን ኮድ ከፍቶ ከላይ ያየነውን የመምታት ስሌት ይፈልገው። በሲ ፕላስ ፕላስ ኮርስ ከምንጽፋቸው የካልኩሌተር ፕሮግራሞች በኋላ እውነተኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ያያል።

ለሚጀምሩ የምለው እስከ አርክንግታንድ ድረስ ያለውን አራት ሰዓት ያህል ስጡት፤ ኩቡን አግኝታችሁ ‹‹ቀጥሎስ?›› ካላላችሁ ያለ ጸጸት አጥፉት። ሲመዘገቡ አንድ የመሣሪያ ክህሎት በዋናነት ይምረጡ፣ ከጠብ በፊት አይሩጡ፣ ወደ ባልሞራ ለመሄድ እንደ ሚኒባስ መስመር ይዞ የሚሠራውን ግዙፍ ነፍሳት በትንሽ ወርቅ ይሳፈሩ፣ እርሳስና ደብተር ደግሞ ከላፕቶፑ አጠገብ ያስቀምጡ።