በጉበት ላይ የበቀለውን ዕጢ በማግኔት ሥዕል ስለ መለየት

ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው በሳንጃ፥ በውኃ ቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዝያ በተማሪ ልጆች ዘንድ ብዙ መሆኑ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ ከዚያ ሆዱ የተነፋ ሕመምተኛ ሲመጣ አሳባችን ወዲያው ወደ ቢልሃርዝያ ይሮጣል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ቢልሃርዝያ በጉበት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይተዋል፤ ጣፊያንም ያሳብጣል። የጉበት ካንሰርን በማምጣት ይልቁንም የሚፈራው ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፥ በአልትራሳውንድ ጠባሳውን ከዕጢው መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ኤም አር አይ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ሁሉ የደም አመጣጥ ነው። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ከመቶ 75 ያህሉ ከአንጀት በሚመጣው ሥር፥ 25 ያህሉ በደም ወሳጅ ሥር ይደርሳል። የጉበት ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከደም ወሳጁ ነው። ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በክንድ ሥር ሲሰጥ፥ የሬዲዮ ሞገድ ያናወጠውን የውኃ ሃይድሮጅን ቶሎ ወደ ቦታው ስለሚመልሰው፥ የደረሰበት ሥፍራ በሥዕሉ ይበራል። በግማሽ ደቂቃ ገደማ ዕጢው ከጉበቱ ይልቅ ይደምቃል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጉበቱ ሲደምቅ ዕጢው ይደበዝዛል። መድመቁ ብቻውን አይበቃም፤ ደምቆ መደብዘዙ ነው ምልክቱ። አደገኛ ያልሆነው የደም ሥር እባጭ ግን ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ይሞላል።

ጋዶክሴቴት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በጤነኛው የጉበት ሴል አልፎ በሐሞት ይወጣል፤ የቀረው በኩላሊት። 20 ደቂቃ ቢታገሡ ጤነኛው ጉበት ነጥቶ፥ መድኃኒቱን መቀበል ያቃተው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ትንንሾቹ ዕጢዎች ይበልጥ የሚያዙት በዚህ ነው።

ጋዶሊኒየም እርቃኑን መርዝ ስለሆነ በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ይሰጣል። ኩላሊታቸው እጅግ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያጠነክር በሽታ እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል፤ ስለዚህ ኩላሊቱ አስቀድሞ ይመርመር። የጥይት ፍንጣሪ በሰውነቱ እንዳለም መጠየቅ አይረሳ፤ ማግኔት ይሉኝታ አያውቅም።

ሕመምተኛው ለመንገድ ገንዘብ ከመበደሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይቅደሙ፤ ከቤተ ሰቡ በጉበት በሽታ የሞተ እንዳለም እንጠይቅ። ቢልሃርዝያ ስለ ተገኘበት ብቻ ግን ምርመራው እዚያ ላይ እንዲቆም አንፍቀድ።