ሐኪሙ ጎንደር፣ መድኃኒቱ ቆላ ድባ

ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ ከባዱን ዳገት ወጥታችኋል። «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «ሰው አሠርቶበት ነው» ሲባል ሰምታችሁ፣ የጎረቤት ዓይን ችላችሁ፣ ካርድ አውጥታችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ ለማታውቁት ባለሙያ የሆዳችሁን ተናግራችኋል። ይህ ጀግንነት ነው፤ ማንም ስላላጨበጨበላችሁ አያንስም። የዛሬው ወጋችን ከዚያ ስለሚቀጥለው ነው፦ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ዓመት ስለመድፈን፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም በዚህ ስለሚሰጠው እገዛ።

ከደንቢያዋ ከተማ ከቆላ ድባ ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሰሙት ቅርብ ይመስላል። የመኪናው ሒሳብ፣ የተስተጓጎለው የሥራ ቀን፣ አብሮ የሚሄደው አስታማሚ፣ አንዳንዴም የመንገዱ መዘጋት ሲደመርበት ግን ይርቃል። አንድ ቀጠሮ ያለፈው ሰው ሁለተኛውን ማሳለፍ ይቀለዋል። ኪኒኑ ያልቅና «እስቲ ያለሱ ልሞክር» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የሚገርመው፣ በመጀመሪያ ምንም አይሆንም! ብዙ ጊዜ ሕመሙ መድኃኒቱ በቆመ ማግስት አይነሳም፤ ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ይቆያል። ሰውም «ድኛለሁ» ብሎ የሚታለለው በዚያ መካከል ነው።

የደንቢያ ሰው ከሐኪም ርቆ መታከምን አያውቀውም የሚል ካለ ታሪክ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሳው ወባ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። ያኔ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ስለነበሩ ገጠሩ እነሱን ቢጠብቅ ኖሮ ብዙ ሰው ባለቀ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው። ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ እውቀቱ ይምጣ ተባለ፤ መጣም።

ለአእምሮ ሕመምም ይኸው መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ 68,000 ያህል ሰው የተዳሰሰበት ጥናት ሲጀመር፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። አገራችን የሳይካትሪ ስፔሻሊስት በራሷ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። ታዲያ ስፔሻሊስት እስኪበዛ ምን ይደረግ? በጉራጌ ዞን ከ300 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት አንድ መልስ ሰጥቷል፦ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የተከታተሏቸው ሰዎች፣ በሳይካትሪ ነርስ ከታከሙት ያነሰ ውጤት አላሳዩም። ስለዚህ «ትልቁ ሐኪም በዓይኑ ካላየኝ» ብላችሁ ሕክምናችሁን አታስጠብቁት። ቅርባችሁ ያለው ባለሙያ ካያችሁና በስልክ ከተከታተላችሁ ብዙ መንገድ ትሄዳላችሁ።

በቀጣዩ ቀጠሮ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በመሀል ችግር ቢገጥመኝ በየትኛው ቁጥር፣ በስንት ሰዓት ልደውል?» መልሱን ካርዱ ላይ አስጽፉት። ስትደውሉ ደግሞ ተዘጋጅታችሁ ደውሉ። «ያችን ነጭ ኪኒን» ማለት አይበቃም፤ ነጭ ኪኒን ስንት ዓይነት አለ! የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ተማሪ ልጅ ያንብብላችሁ። ስንት እንደቀራችሁ፣ ስንት ቀን እንደዘለላችሁ፣ እንቅልፋችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ አንገት መገተር፣ ምራቅ መዝረብረብ፣ ቀን ሙሉ መፍዘዝ ካለ አትደብቁ። አብዛኛው በመጠን ማስተካከያ ወይም በመድኃኒት ለውጥ ይቃለላል፤ ዝም ያለ ሰው ግን መድኃኒቱን ጥሎ ይቀራል። የዘለላችሁትን ቀን ለመደበቅም አትዋሹ። ባለሙያው መጠኑን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው እናንተ በነገራችሁት ላይ ተመሥርቶ ነው።

የጾሙ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው የመዋጫ ሰዓቱን ከባለሙያው ጋር ቢነጋገር ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው፤ ማታ መዋጥ የሚቻል መድኃኒት ሞልቷል። ሊቲየም የምትወስዱ ግን ተጠንቀቁ፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና ይመርዛል። ይህን ለሐኪሙም ለንስሐ አባታችሁም በግልጽ ንገሩ። ጸበሉም ቢሆን ከኪኒን ጋር ጠላት መሆን የለበትም፤ እንጦጦ ማርያም ጸበልተኞች ዘመናዊ መድኃኒትም እየወሰዱ እንዲጠመቁ የተሞከረበት ሥራ አለ።

ደንቢያ ደግሞ የወባ አገር ነው፤ ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም የሚጠረጥረው እሷን ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከትኩሳቱ ጋር ሰውነቱ ከተገተረና አእምሮው ከደበዘዘ፣ ይህ በስልክ የሚታለፍ አይደለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። የወባ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁም የምትውጡትን ሁሉ ተናገሩ፤ አብረው ሲወሰዱ የልብ ምት የሚያዛቡ አሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ ብቻውንም የሚሸከመው ሰው ሊኖር አይገባም። እርግዝና ያሰበች እህትም ቀድማ ትማከር።

ስልክ የማይችለው ሌላም አለ። በየወሩ የሚወጋው መርፌ በኔትወርክ አይመጣም፤ የሊቲየም የደም ምርመራም እንዲሁ። ኢንተርኔቱንም ብዙ አትመኑት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ማን ይረሳል? ቪዲዮና ቴሌግራም ሲሠሩ መልካም፤ ተራ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ግን ዋናው መስመር ይሁኑ። እሱም የሚጠፋበት ቀን ስላለ፣ መንገድ ሲያሰጋ ለረዘም ያለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት እንዲታዘዝላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። መጠባበቂያውን ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡት።

በቡታጅራ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ሲከፍት የሚበላ ማጣታቸው ነበር። ይህን «በርታ» በሚል ቃል መመለስ ስላቅ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ አትፈሩ፤ ለነርሷ ንገሯት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም። ቤተ ዘመድ ካለም «ሳሙናና ስኳር ከምትይዝልኝ የምበላውን አግዘኝ» ብትሉት ነውር የለውም።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ልጆችና ወንድሞች፣ እናንተም ለመደወል ቅርብ ናችሁ። «ዋጥህ ወይ?» ብቻ እያላችሁ እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። ስለ ሽምብራው፣ ስለ በሬው፣ ስለ ሰፈሩ ሠርግ አውሩና ከዚያ በኋላ ስንት ኪኒን እንደቀረ ጠይቁ። ከዚያ ማዶ «እዚህ የተሻለ አለ» ብላችሁ መድኃኒት ከመላካችሁ በፊት ግን የሚከታተለውን ባለሙያ አናግሩ፤ ሁለት መድኃኒት በአንድ ሆድ ውስጥ ሲገናኝ የሚሆነውን የሚያውቀው እሱ ነው። የምትልኩት ገንዘብ ለምግቡ፣ ለትራንስፖርቱና ለካርዱ ቢውል ከማዶው ኪኒን ይልቅ ይሠራል።

አሁን የቀጠሮ ካርዱን ከሳጥኑ አውጡት። የቀረውን ኪኒን ቁጠሩ፤ ከቀጠሮው በፊት የሚያልቅ ከሆነ ነገ ጠዋት ደውሉ።