ቅደም ተከተል ያጣ ታሪክ፦ ከ«ቄራ ቁጥር 5» ምን እንማራለን?

«ድርሰት መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ይኑረው» እየተባልን ተምረናል፤ ነገ እኛም ይህንኑ እናስተምራለን። ታዲያ መነሻና መድረሻው የተደባለቀ ልብ ወለድ ሲያጋጥመን ምን እንላለን? ለዛሬ የምናጠናው አሜሪካዊው ኩርት ቮኔገት እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመውን «ቄራ ቁጥር 5» ነው።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲው። ቮኔገት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነበር። በ1944 መጨረሻ በጀርመኖች ተማርኮ ወደ ድሬስደን ከተማ ተወሰደ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ሌሊት ከተማይቱ በቦምብ መንደድ ስትጀምር፣ እሱና ሌሎች ምርኮኞች በአንድ ቄራ ምድር ቤት፣ በሥጋ ማስቀመጫው ውስጥ ሆነው ተረፉ። 25,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ መጽሐፉ የሚጠቅሰው 135,000 የተጋነነ መሆኑ ኋላ ታውቋል። ምርኮኞቹ ከፍርስራሹ ሬሳ እንዲያወጡ ተደረጉ። ቮኔገት ይህን ጽፎ እስኪያሳትም ከ20 ዓመት በላይ ፈጀበት።

ዋናው ገጸ ባሕሪ ቢሊ ፒልግሪምም ከዚያው ቄራ የተረፈ ነው። አገሩ ገብቶ የመነጽር ባለሙያ ሆነ፤ አገባ፤ ወለደ፤ ገንዘብም አላጣም። ሲያዩት ደህና ነው። ግን ሰው ሳያየው ያለቅሳል። ዘመንም ይምታታበታል፤ አሁን ጦር ሜዳ ነው ስንል ወዲያው ከሠርጉ ማግስት እናገኘዋለን። ይባስ ብሎ ትራልፋማዶር ከሚባል ዓለም የመጡ ፍጡራን ወስደው፣ ሞንታና ከምትባል የፊልም ተዋናይት ጋር እንደ አራዊት ለትርዒት አስቀምጠውኛል ይላል። እዚያም ይዋደዳሉ፤ ልጅ ይወልዳሉ።

እንዴ፣ ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው? እስቲ ልብ እንበል። ሚስቱ ቫለንሺያ በጫጉላቸው ጊዜ ስለ ጦርነቱ ስትጠይቀው አጭር መልስ ሰጥቶ ያልፋል። ሞንታና ታሪክ ንገረኝ ስትለው ግን የድሬስደንን ጥፋት ይተርክላታል። የቆሰለ ሰው አጠገቡ ላለው መናገር ሲያቅተው፣ የሚናገርበትን ቦታ በሩቅ ይፈልጋል ማለት ነው። እንከኑንም አንደብቅ፤ ሁለቱን ሴቶች የምናያቸው በቢሊ በኩል ነው፤ የእነሱን ሕመም ብዙም አንሰማም።

ሌላም አለ። በጋብቻቸው 18ኛ ዓመት በዓል ላይ አራት ሰዎች ሲዘፍኑ የቢሊ ፊት ይለዋወጣል፤ ምክንያቱን ራሱም አያውቀውም። ብቻውን ሲሆን ትዝ ይለዋል፦ ድሬስደን በነደደች ማግስት አራት የጀርመን ጠባቂዎች፣ ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ከፍተው ፍርስራሹን ሲያዩ፣ ልክ ዘፋኞች መስለው ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ስም ሰጥቶ በመዝገቡ ያሰፈረው መጽሐፉ ከወጣ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1980 ነው።

እንግዲህ የመጽሐፉ መደበላለቅ ለጨዋታ የመጣ አይደለም፤ የቁስለኛ ትዝታ እንዲያ ነው የሚመጣው። ነገ ክፍላችን ውስጥ በር ሲገጭ የሚደነግጥ፣ ድርሰቱም የሚዘበራረቅበት ተማሪ ይኖር ይሆናል። «ሰነፍ!» ብለን ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት ቀርበን እናዳምጠው። ቅደም ተከተሉ ኋላ ይደርሳል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ቢሊ ለሞንታና የተናገረውን ለቫለንሺያ ለምን አልተናገረም?
2. ታሪኩ በቅደም ተከተል ቢጻፍ ምን ይጎድለው ነበር?